በርና ኬላ፦ የሸዋ ምሥራቃዊ ተራራ መተላለፊያዎች በንግድ ታሪካችን



ንግግሬን በአንድ ቃል ልጀምር። አማርኛ በከፍተኛ ተራሮች መካከል፣ ወይም ከደጋው አፋፍ ወደ ቆላ የሚያወርደውን ማለፊያ «በር» ይለዋል። ጣርማ በር የምንለው ለዚህ ነው። አንኮበርም በአፈ ታሪክ «የአንኮ በር» ማለት እንደሆነ ይነገራል። ቃሉ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። በር ተራ ክፍተት አይደለም፤ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ባለቤትም በረኛም ያለው ነገር ነው።

የታሪክ ጽሑፎቻችን እነዚህን በሮች የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ በጦርነት ምክንያት ነው። አምባላጌ ሲጠራ እ.ኤ.አ. በ1895 የሜጀር ቶዜሊ ጦር የደረሰበት ሽንፈት ትዝ ይለናል። ጣርማ በር ሲነሣ እ.ኤ.አ. በ1936 የጸደይ ወራት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሥ የነበረው የባዶሊዮ ሠራዊት መንገዱ ተቆርጦ በመጠበቁ ለጥገና መቆሙን እናወሳለን። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ላይም ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በዘለቀ ጊዜ የጣርማ በር ስም እንደገና በሁሉ አፍ ገባ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም በሩን ያስከበረው ጦርነት አይደለም። ጦርነት ወደዚያ የሚሄደው በሩ አስቀድሞ የተከበረ ስለሆነ ነው። ታዲያ ምን አስከበረው? ዛሬ ለመመለስ የምሞክረው ይህን ጥያቄ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ሜዳው በድንገት አልቆበት ከገደል አፋፍ ይደርሳል። ከእግሩ ሥር የይፋት ኮረብቶች፣ ከእነርሱም ማዶ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። አንኮበር የተቆረቆረችው በዚህ አፋፍ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። የገበያዋ ከተማ አልዩ አምባ ደግሞ ከእርሷ 1000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ርቀቱ በካርታ ላይ ሲታይ ጥቂት ነው፤ ጭነት ተሸክሞ ለሚወጣው ግን አንድ ዓለም ለቅቆ ወደ ሌላ ዓለም እንደ መግባት ነበር።

ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠው ቅፍለት ዕቃውን በግመል ጭኖ ይመጣል። ግመል ግን የሚያዳልጠውን ዳገትና የደጋውን ብርድና ዝናብ አይችልም። የደጋው በቅሎና አህያም በበኩላቸው ውሃ በሌለበት በረሃ ሳምንታት መጓዝ አይችሉም። ለሰውም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ደገኛው የቆላውን ንዳድ ይፈራል፣ የቆላው ሰው የአፋፉን ቁር ይጠላል። ስለዚህ ተራራው ሥር ሲደረስ ጭነት መራገፍ ነበረበት። ጭነቱ ሲራገፍ እንስሳው ብቻ ሳይሆን ባለንብረቱ፣ ዋጋው፣ የመገበያያው ቋንቋና ሕጉ ጭምር ይለወጣል።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ የተራራ በር ታሪካዊ ኃይል የሚመነጨው ማሳለፍ ከመቻሉ ሳይሆን ማስቆም ከመቻሉ ነው። ጭነት በሚራገፍበት ቦታ ገበያ ይቆማል፤ ገበያ በቆመበት ኬላ ይተከላል፤ ኬላ በተተከለበትም መንግሥት ይኖራል።

አልዩ አምባ የዚህ ሁነኛ ምሳሌ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከታጁራና ከሐረር የመጡ ነጋዴዎች ከአርጎባዎችና ከደጋው ገበሬዎች ጋር የሚገናኙት በዚያ ነበር። ከበረሃው ወገን ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብና የጦር መሣሪያ፣ ከደጋው ወገን እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይቀርባል። የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይመነዘሩ ነበር። ከእስላም ነጋዴዎች ከተማ በላይ፣ በአፋፉ ላይ፣ የክርስቲያኑ ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ይታያል። የበሩ ጥበቃ የተሰጠው ደግሞ ጥንት ይፋትን ከገዛው የወላስማ ቤት እንደሚወለድ ለሚናገረው ለሙስሊሙ ሹም ለወላስማ መሐመድ ነበር። ንጉሡ ይህን ያደረገው የቆላውን መንገድ፣ ቋንቋና ዝምድና የሚያውቅ ሰው ካልያዘው በር እንደማይጠበቅ ስለ ተረዳ ይመስለኛል። በሃይማኖት የተለያዩ ወገኖች በአንድ ኬላ እንዴት እንደ ተዳደሩ ለመረዳት የሚሻ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አያገኝም።

በሩ ምን ያህል ይጠበቅ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ የካፒቴን ሐሪስ ጉዞ ያሳያል። የበረሃው ጉዞ ተፈጽሞ ይፋት ድረስ ከተደረሰ በኋላም ወደ ላይ ለመውጣት የንጉሡ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በግመል የመጣው የመልእክተኛው ጓዝ ዳገቱን የወጣው በሰው ትከሻ ነው። በዚያው ዓመት የተፈረመው ውል ዋና ጉዳይም የንግድና የመንገደኞች መተላለፍ ነበር። በሌላ አነጋገር ድርድሩ ስለ በሩ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን ልናልፈው የማይገባን ነገር አለ። ይህን ዳገት ሸቀጥ ብቻ አልተመላለሰበትም። በአልዩ አምባ አቅራቢያ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ባሮች በዚህ ቁልቁለት ወደ ባሕር ወርደዋል። ለነጋዴው ትርፍ፣ ለንጉሡም ቀረጥ ያስገኘው በር ለእነርሱ ዳግመኛ የማይመለሱበት በር ነበር። የጓዝ ተሸካሚዎቹም ቢሆኑ በጽሑፍ ሰነዶች ውስጥ የሚታዩት በቁጥር ነው እንጂ በስም አይደለም። የመተላለፊያን ታሪክ በብልጽግና ብቻ የሚጽፍ ሰው ከታሪኩ ግማሹን አስቀርቷል።

ይህ ሥርዓት ያከተመው በሩ በጦር ስለ ተሰበረ አልነበረም። በመጀመሪያ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። ከዚያም ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ የይፋትን አፋፍ ወደ ጎን ስለ ተወው ቅፍለቱ ሌላ መንገድ አገኘ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ከአንኮበር በስተሰሜን በጣርማ በር፣ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ተፈልፍሎ የደሴ መንገድ በተራራው ውስጥ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የከባድ መኪና ጭነት ሳይራገፍ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል።

ለተጓዡ ይህ ታላቅ እፎይታ ነው፤ ማንም ወደ ሸክሙ ዘመን እንመለስ አይልም። ነገር ግን ማለፍ ሲቀል መቆም ቀረ። አልዩ አምባ የባሕር ማዶ ዕቃ መናኸሪያነቷን አጥታ የአካባቢ ገበያ ሆነች። አንኮበርም ከመናገሻነት ወደ ወረዳ ከተማነት ወረደች። መኪና መንገዱ የመረጣት ደብረ ሲና በአንጻሩ ዛሬም የመንገደኛ ማረፊያ ናት። ተራሮቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ የተለወጠው ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ነው።

ተማሪዎቼን አንድ ነገር አደራ ልበል። ስለ መንገድ ስታጠኑ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ አትጠይቁ፤ ጭነቱ የት ወረደ፣ ማን ተቀበለው፣ ማን ቀረጠው፣ ማን ተሸከመው ብላችሁ ጠይቁ። የሲራራ ነጋዴዎችና የኬላ ጠባቂዎች የልጅ ልጆች በእነዚያ ቀበሌዎች ዛሬም አሉ። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ያነበበ የበሩን ባለቤት ያውቃል፤ በበሩ ያለፉትንና ያለ ፈቃዳቸው የተነዱትን ለማወቅ ግን ዳገቱን ወጥቶ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ያሻል።