የኔታ እንደሚያቃኑት፦ ጄሼልና የአማርኛ ስም

በመንዝና በመርሐቤቴ አድባራት ንባብ የሚማር ልጅ ስሕተቱ አያድርም። ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ቢያነብ የኔታ እዚያው ያቃኑታል፤ እሱም መልሶ ያነባል።

ይኸው ልጅ አድጎ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቢገባና ኮምፒውተር ሳይንስ ቢደርሰው የሚጠብቀው ሌላ ሥርዓት ነው። እንደ ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫ ባሉ ቋንቋዎች የተጻፈው ሁሉ አልቆ በኮምፓይለር ካልተተረጎመ አይሠራም። በጃቫ አንዲት ቃል ስክሪን ላይ ለማውጣት እንኳ ለዓመታት ክላስ መክፈት፣ ውስጡ ሜይን የሚባለውን ሜተድ መጻፍ ግድ ነበር። ጀማሪው ያልገባውን አምስት መስመር ገልብጦ ይጀምራል። ለማስተማር ከዚህ የባሰ አጀማመር ማሰብ ይከብዳል።

መፍትሔው ግን የቆየ ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተወለደው ሊስፕ አንድ ሐረግ ተቀብሎ፣ አስልቶ፣ መልሱን ሰጥቶ ቀጣዩን በመጠበቅ ይታወቃል። በኮምፓይለር ለሚሠሩት ቋንቋዎች ይህን ካመጡት መካከል የፊዚክስ ሰዎች ይገኙበታል፤ ጃፓናዊው ማሳሃሩ ጎቶ ለሲ ፕላስ ፕላስ ሲንትን ሠራ፣ በ2014 በሰርን ሶፍትዌር ውስጥ ክሊንግ ተካው። በ1995 የወጣው ጃቫ ጄሼልን ያገኘው በ2017፣ በ9ኛው እትሙ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት!

የእኛ ፊደል ደግሞ በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ ጃቫም የዩኒኮድ ፊደላትን ለስም ይቀበላል። ስለዚህ በጄሼል «በጎች» የሚል ስም አውጥቶ 12 ቢሰጡት፣ «በጎች» 12 ነው ብሎ ወዲያው ይመልሳል። ፲፪ ብለው ቢሰጡት ግን አሻፈረኝ ይላል፤ ጃቫ በኮድ ውስጥ ቁጥር አድርጎ የሚቀበለው እንደ 1 እና 2 ያሉትን የተለመዱ አኃዞች ብቻ ነውና፤ ዩኒኮድም የግዕዝን አኃዞች ከአሥርዮሽ አኃዞች አይመድባቸውም። ዜሮ የሌለው፣ አሥርና መቶ የራሳቸው ምልክት ያላቸው አቆጣጠር ስለሆነ ምደባው ያስኬዳል።

ከሁሉ የሚገርመው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ሒሳብ» ብሎ ሰይሞ «ሂሳብ» ብሎ የጠራ ተማሪ እንዲህ ያለ ስም አላውቅም ይባላል። በጋዜጣ ገጽ ማንም ልብ የማይለው ልዩነት እዚህ ሁለት የተለያዩ ስሞች ነው። የኔታ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ችግሩ፣ በቆየው የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ላይ ፊደሉ ራሱ ብዙ ጊዜ ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ፣ ተማሪው የትኛውን ሀ እንደጻፈ እንኳ ለይቶ አያይም።