በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ በሰውነት ስብና በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ፣ በሕክምና አጠራሩ ስሊፕ አፕኒያ፣ በአብዛኛው የጉሮሮ የአየር መተላለፊያ ደጋግሞ በመዘጋቱ ወይም በመጥበቡ የሚመጣ የጤና ችግር ነው። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም የተኛውን ሰው ለአፍታ ያነቃዋል። ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ሲደጋገም ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ጊዜ መካከለኛ፣ ከ30 ጊዜ በላይ ሲሆን ከባድ ይባላል።

ቀጫጭን ሰዎችንም የሚይዝ ቢሆንም፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለችግሩ ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ነው። በአንገትና በምላስ ውስጥ የሚከማች ስብ የአየር መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ጉዳቱ ግን በተቃራኒውም ይሠራል፤ የኦክስጅን መጠን በየሌሊቱ ሲዋዥቅ የስብ ሕዋሳት ለብግነት ይጋለጣሉ፣ ስብን ወደ ደም ይለቃሉ፣ ኢንሱሊንም በሰውነት ውስጥ የሚገባውን ያህል እንዳይሠራ ያደርጋሉ። በዚህም ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድል ይጨምራል። በቀን የሚሰማው ድካም ደግሞ የአካል እንቅስቃሴን ስለሚቀንስ ክብደትን ያባብሳል።

ጤናማ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል። የዚህ ሕመም ተጠቂ ግን ትንፋሹ በተቋረጠ ቁጥር የደም ግፊቱ ስለሚያሻቅብ ልቡ ዕረፍት አያገኝም። በመሆኑም ችግሩ ከደም ግፊት፣ ከልብ ምት መዛባት፣ ከልብ ድካምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል።

ሕመምተኛው ራሱ ስለማያውቀው፣ ምልክቱን ቀድሞ የሚያስተውለው ብዙውን ጊዜ የትዳር አጋሩ ወይም አብሮት በአንድ ክፍል የሚያድር ሰው ነው። ከፍተኛ ማንኮራፋት፣ የትንፋሽ ጸጥ ማለትና በማቃሰት መንቃት፣ የጠዋት ራስ ምታት እንዲሁም በቀን የሚጥል እንቅልፍ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። በተለይ ተሽከርካሪ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ሊዘናጉ አይገባም።

ምርመራው የሚካሄደው በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ትንፋሽንና ኦክስጅንን በመለካት ነው። ከ1981 ጀምሮ የሚታወቀው፣ በጭንብል አማካኝነት አየር በግፊት የሚሰጠው መሣሪያ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ የደም ግፊትንም በመጠኑ ይቀንሳል። መሣሪያው ብቻውን ክብደትን ስለማይቀንስ አመጋገብን ማስተካከልና እንቅስቃሴ ማድረግ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2024 ቲርዜፓታይድ የተባለውን መድኃኒት መካከለኛ ወይም ከባድ የትንፋሽ መቆራረጥ ላለባቸው ወፍራም አዋቂዎች ፈቅዷል። አልኮልንና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ የእንቅልፍ መድኃኒቶችን ማስወገድም ይመከራል።