እንጥል

እንጥል፦ ከላንቃ ጫፍ በጉሮሮ መግቢያ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሥጋ። ሰው ክፉኛ ሲደነግጥ «እንጥሉ ዱብ አለ» ይባላል።

እንጥል በንግግርም ድርሻ አላት። «በ» ሲባል እንጥልና ለስላሳው ላንቃ ተነሥተው የአፍንጫን መንገድ ይዘጋሉ፤ «መ» ሲባል ወርደው ይከፍቱታል። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን መንገዱን መዝጋት ስለሚያዳግተው አየሩ በአፍንጫው ያመልጣል፤ «በ»ው ወደ «መ» ያደላል። ቀዶ ሕክምናና የንግግር ልምምድ ብዙ ያስተካክላሉ።

በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ የሕፃን እንጥል በልማድ ይቆረጣል። መቁረጡ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ሊያስከትል ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን ይቀጣል።

የትም ያለ ወላጅ፣ የልጁ ጉሮሮ ሲታመም መሄድ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ነው።