ግሬሻም ኮሌጅ

ግሬሻም ኮሌጅ በለንደን ከተማ የሚገኝ፣ ተማሪ የማይመዘግብ፣ ፈተና የማይፈትንና ዲግሪ የማይሰጥ ትንሽ የትምህርት ተቋም ሲሆን፣ ዋና ሥራው በሥነ ጥበብ፣ በሰብአዊ ትምህርቶችና በሳይንስ ላይ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑ ንግግሮችን ያለ ክፍያ ማቅረብ ነው። ንግግሮቹ በ1597 ተጀምረው (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አንዳንዴ እየተዳከሙና እየተቋረጡም ቢሆን እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ኮሌጁ በሳይንስ ታሪክ ያገኘው ስፍራ ግን በአብዛኛው ከመድረኩ ይልቅ በመድረኩ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ሰዎች የመጣ ነው።

መሥራቹ ሰር ቶማስ ግሬሻም (1519 ገደማ–1579) የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ከመሆኑም በላይ ለእንግሊዝ ዘውድ በአንትወርፕ ገበያ ገንዘብ የሚበደር ወኪል ነበር። መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል የሚለው የኢኮኖሚ ሕግ በስሙ ይጠራ እንጂ ስያሜው የተሰጠው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በአንትወርፕ ያየውን የነጋዴዎች መገናኛ አዳራሽ አብነት አድርጎ በለንደን ያሠራውን ሕንፃ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1571 ጎብኝታ «ሮያል ኤክስቼንጅ» የሚል ስም ሰጠችው። ብቸኛ ወንድ ልጁ ቀድሞት ስለ ሞተ፣ ሚስቱ ካለፈች በኋላ በቢሾፕስጌት ጎዳና የነበረው ሰፊ መኖሪያ ቤቱና የሮያል ኤክስቼንጅ ሱቆች ኪራይ ለለንደን ከተማ አስተዳደርና መርሰርስ ለተባለው የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር በጋራ እንዲተላለፉ፣ እነርሱም በገቢው ሰባት መምህራን ቀጥረው በዚያው ቤት እንዲያኖሩና እንዲያስተምሩ ተናዘዘ። ሚስቱ እስከ 1596 ድረስ ስለ ኖረች ኑዛዜው የተፈጸመው እርሱ ከሞተ ከአሥራ ሰባት ዓመታት በኋላ ነበር።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ብቻ ሲሆኑ፣ ለንደን በሕዝብ ብዛትና በንግድ ከሁለቱም ከተሞች እጅግ የምትልቅ ሆና ሳለ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ኑዛዜው ያቋቋማቸው ሰባት መንበሮች፣ ማለትም ለአንድ የትምህርት ዘርፍ የተመደቡ ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታዎች፣ የነገረ መለኮት፣ የሥነ ፈለክ፣ የጂኦሜትሪ፣ የሙዚቃ፣ የሕግ፣ የሕክምናና የንግግር ጥበብ መንበሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት ከተማው፣ የቀሩትን ሦስት ማኅበሩ እንዲሾም ሥልጣኑ ተከፈለ። ለእያንዳንዱ ፕሮፌሰር የተቆረጠው የዓመት ደመወዝ 50 ፓውንድ ሲሆን፣ ይህም በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ንጉሣዊ መንበር የያዙ ፕሮፌሰሮች ከሚያገኙት 40 ፓውንድ ይበልጥ ነበር። በምትኩ ተሿሚው በግቢው የሚኖርና ያላገባ መሆን ነበረበት፤ ሲያገባ መንበሩን ይለቃል።

ንግግሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ጠዋት በላቲን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ላቲን በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የነበረው ቦታ ግዕዝ በኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ሊቃውንት ዘንድ ከነበረው ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ የጠዋቱ ንግግር ለተማረና ለውጭ አገር እንግዳ፣ የከሰዓቱ ግን ለነጋዴው፣ ለባለ እጁና ለመርከበኛው የታሰበ ነበር። ይህ ሥርዓት ገና ከጅምሩ ልዩ ፈቃድ አስፈለገው፤ ምክንያቱም ንግሥቲቱ ራሷ ለሙዚቃ መንበር ያቀረበችው ዝነኛው የቁልፍ መሣሪያዎች ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ጆን ቡል ላቲን አይችልም ነበርና በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገር ተፈቀደለት። ቋንቋውን ያለፉለት ሹማምንት የጋብቻውን ደንብ ግን አላለፉለትም፤ ቡል በ1607 ሲያገባ መንበሩን ለቀቀ።

የኮሌጁ የመጀመሪያ አርባ ዓመታት ፍሬ በተለይ በሒሳብና በባሕር ጉዞ ሳይንስ ጎልቶ ይታያል። ደንቡ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰሩ ስለ ከዋክብት ከማስተማር አልፎ መርከበኞች ሊረዱት በሚችሉት መንገድ የመለኪያ መሣሪያዎችን አጠቃቀም እንዲያስረዳ ያዝዝ ነበር። የመጀመሪያው የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ሄንሪ ብሪግስ፣ ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር በ1614 ስለ ሎጋሪዝም ያሳተመውን መጽሐፍ እንዳነበበ በለንደን ማስተማር ከመጀመሩም በላይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኤድንብራ ተጉዞ ከደራሲው ጋር ተወያየ። ሎጋሪዝም ማባዛትን ወደ መደመር፣ ማካፈልን ወደ መቀነስ የሚለውጥ የስሌት ዘዴ ሲሆን፣ ሰንጠረዡ በአሥር ላይ ቢመሠረት ለሥራ እንደሚቀል ሁለቱ ተስማሙ፤ ብሪግስም የመጀመሪያዎቹን አንድ ሺህ ቁጥሮች ሎጋሪዝም በ1617 አሳተመ። ከ1619 ጀምሮ የሥነ ፈለክ መንበሩን የያዘው ኤድመንድ ጋንተር ይህንኑ ስሌት በእንጨት ማስመሪያ ላይ አሳርፎ መርከበኛው የሚያሰላበት መሣሪያ አደረገው። በስሙ የሚጠራውና መቶ መቀጣጠያዎች ያሉት፣ ርዝመቱ 66 ጫማ (20 ሜትር ገደማ) የሆነ የመሬት መለኪያ ሰንሰለትም የእርሱ ነው።

የጋንተር ተተኪ ሄንሪ ጌሊብራንድ ደግሞ የሕዝብ መምህርነት ከምርምር ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ የሚያሳይ ሥራ ትቷል። የኮምፓስ መርፌ የምታመለክተው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጥቂት እንደሚያፈነግጥ አስቀድሞ የታወቀ ቢሆንም፣ ልዩነቱ በአንድ ቦታ ላይ ለዘለዓለም እንደማይለወጥ ይታመን ነበር። በለንደን አካባቢ በ1580 የተደረገው ልኬት ወደ ምሥራቅ 11 ዲግሪ ከሩብ ገደማ፣ ጋንተር በ1622 ያገኘው 6 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ጌሊብራንድ በ1634 ሲለካ ወደ 4 ዲግሪ ወርዶ አገኘው። የምድር ማግኔታዊ መስክ ከዘመን ዘመን እንደሚለዋወጥ በ1635 በታተመ መጽሐፉ ያስታወቀው በሦስቱ ልኬቶች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የኮሌጁ ዕለት ረቡዕ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1660 ነው። በዚያን ቀን የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰሩ ክሪስቶፈር ሬን፣ ኋላ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን የነደፈው አርክቴክት፣ ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ አሥራ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ክፍል ገብተው በየሳምንቱ ተገናኝተው በሙከራ ላይ የተመሠረተ ዕውቀት የሚያስፋፋ ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። ከእነርሱም መካከል ሮበርት ቦይል፣ ጆን ዊልኪንስና ቀደም ሲል የኮሌጁ የሙዚቃ ፕሮፌሰር የነበረው ዊልያም ፔቲ ይገኙበታል፤ ፔቲ በሙዚቃ ሳይሆን በሕክምና፣ በመሬት ቅየሳና በኢኮኖሚ የሚታወቅ ሰው መሆኑ መንበሮቹ ሁልጊዜ ለስማቸው ተገቢ በሆነ ሰው እንዳልተያዙ ያሳያል። ማኅበርተኞቹ ሲገቡ አሥር ሽልንግ፣ ከዚያም ቢመጡም ባይመጡም በሳምንት አንድ ሽልንግ ለማዋጣት ተዋዋሉ። ይህ ስብስብ በ1662 ንጉሣዊ ቻርተር አግኝቶ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ አካዳሚ ሲሆን፣ ለንደን በ1666 ከተቃጠለች በኋላ ለጥቂት ዓመታት ወደ ሌላ ስፍራ ከመዛወሩ በቀር እስከ 1710 ድረስ ስብሰባውን ያካሄደው በግሬሻም ኮሌጅ ነበር።

በ1665 የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር የሆነውና የማኅበሩን ሙከራዎች የሚያዘጋጀው ሮበርት ሁክ እስከ ሞተበት 1703 ድረስ በግቢው ኖሯል። በ1669 በመኖሪያ ክፍሎቹ ወለልና ጣሪያ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ 36 ጫማ ርዝመት ያለው ቴሌስኮፕ ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ አቆመ። ዓላማው በለንደን አናት ላይ የሚያልፈውን ጋማ ድራኮኒስ የተባለ ኮከብ ተከታትሎ ፓራላክስን መለካት ነበር፤ ፓራላክስ ማለት ተመልካቹ ቦታ ሲቀይር የሚታየው ነገር ቦታ የቀየረ የሚመስልበት ልዩነት ሲሆን፣ በኮከብ ላይ ቢገኝ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ለመዞሯ ቀጥተኛ ማስረጃ ይሆን ነበር። ሁክ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተመልክቶ ልዩነቱን አገኘሁት ብሎ በ1674 አሳተመ። ውጤቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም፣ ይህንኑ ኮከብ በ1720ዎቹ የተከታተለው ጄምስ ብራድሊ በምድር እንቅስቃሴ ምክንያት የኮከብ ብርሃን አቅጣጫ ትንሽ የሚዛነፍበትን ክስተት ለማግኘት በቃ።

ይህን ያህል ሥራ በሚሠራበት ግቢ የሕዝቡ ንግግር ራሱ ያን ያህል ሰሚ አልነበረውም። ሁክ በማስታወሻ ደብተሩ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሳይናገር የተመለሰባቸውን ቀናት በምሬት መዝግቧል። ደመወዙ ከኪራይ የሚመጣ፣ ሹመቱ የዕድሜ ልክ፣ የሚፈተን ተማሪም የሌለ በመሆኑ አድማጭ ቢቀር የሚጎድልበት መምህር አልነበረም፤ በአንጻሩም መንበሮቹን ለክፍለ ዘመናት ከመታጠፍ ያዳናቸው ይኸው ከአድማጭ ቁጥር ጋር ያልተያያዘ ገቢ ነው። የ1666ቱ ቃጠሎ ኮሌጁን ሳይነካ ሮያል ኤክስቼንጅን ስላወደመው የኪራዩ ገቢ ተቋረጠ፤ የከተማው ጽሕፈት ቤቶችና ነጋዴዎቹ በኮሌጁ ግቢ ሲጠለሉ ንግግሮቹ ለጊዜው ቆሙ፤ የሮያል ኤክስቼንጅ ዳግም ግንባታም ባለ አደራዎቹን ለረጅም ዘመን ዕዳ ውስጥ ከተታቸው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኮሌጁ ስሙን እንጂ ኃይሉን ይዞ አልቆየም። በ1768 ፓርላማው ባወጣው ሕግ የቢሾፕስጌቱ ቤት ለኤክሳይዝ ቀረጥ መሥሪያ ቤት ተሰጥቶ ሲፈርስ ንግግሮቹ በሮያል ኤክስቼንጅ ውስጥ ወዳለ አንድ ክፍል ተዛወሩ፤ ፕሮፌሰሮቹ መኖሪያ በማጣታቸው ተጨማሪ ክፍያ ተቆረጠላቸው፤ የማግባት መብትም አገኙ። በ1838 ሮያል ኤክስቼንጅ ዳግመኛ ተቃጠለ፤ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ኮሌጁ ዛሬ ግሬሻም በሚባለው ጎዳና የራሱ ሕንፃ ተሠራለት።

በዚህ አዲስ ዘመን ከተሰጡት ንግግሮች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኙት በ1890ዎቹ መጀመሪያ የጂኦሜትሪ መንበር የያዘው ካርል ፒርሰን ያቀረባቸው ናቸው። ፒርሰን ከሥራ ለወጡ የከተማዋ ጸሐፊዎችና ሠራተኞች የዕድል ሕግን በሳንቲም ውርወራና በቁማር ጎማ እያሳየ ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ «ስታንዳርድ ዲቪየሽን» የተባለውን መለኪያ፣ ማለትም የተሰበሰቡ ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደ ተበተኑ የሚገልጸውን ቁጥር፣ በ1893 በዚህ መድረክ ላይ በስሙ ጠርቶ አስተዋውቋል። ዛሬ ማንኛውም የስታቲስቲክስ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚማረው ቃል መጀመሪያ የተሰማው ዲግሪ ላልፈለጉ የምሽት አድማጮች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ኮሌጁ ከ1991 ጀምሮ ሆልቦርን በተባለው ሰፈር ባርናርድስ ኢን በሚባል የመካከለኛው ዘመን አዳራሽ ሰፍሯል። የዕድሜ ልክ ሹመት ቀርቶ ፕሮፌሰሮቹ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ይሾማሉ፤ ብዙዎቹም በሌላ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ሥራ ያላቸው ናቸው። ከኑዛዜው ሰባት መንበሮች ላይ የንግድ፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና የአካባቢ ጥበቃ መንበሮች ተጨምረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ከተሾሙት መካከል የሙዚቃ ደራሲው ያኒስ ዜናኪስና የሒሳብ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ ይገኛሉ፤ የጂኦሜትሪ መንበርን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘች ሴት በ2020 የተሾመችው ሣራ ሃርት ናት። ንግግሮቹ በቪዲዮ እየተቀረጹ በኢንተርኔት በነጻ ስለሚሰራጩ የአንድ ምሽት አድማጭ ቁጥር በአዳራሹ ወንበሮች መለካቱ ቀርቷል። ወጪውን አሁንም የሚሸፍኑት የለንደን ከተማ አስተዳደርና የመርሰርስ ማኅበር ሲሆኑ፣ ድጋፋቸውም የከተማው ወገንና የማኅበሩ ወገን አባላት በሚቀመጡበት የጋራ ኮሚቴ በኩል ይተዳደራል።