ከየመን ወደ ጎንደር የመጡት ቃዲ

ጎንደር ፒያሳ ደርሰን የፋሲልን ግንብ ሳናይ የተመለስን ጥቂቶች ነን። በዚያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1648 አንድ የየመን ቃዲ ከንጉሡ ጋር ለድርድር እንደተቀመጡ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቃዲ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ይባላሉ። ጉዟቸውን ራሳቸው ጽፈው አቆይተውልናል።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1642 ለየመኑ ኢማም ጻፉ፤ ኢማሙ ሲሞቱም ለተተኩት ወንድማቸው ለአል-ሙተወኪል ኢስማዒል ደገሙ። ወዳጅነት ጠየቁ፤ በወረቀት የማይሰፍር ጉዳይ ስላለ የሚታመን ዐዋቂ ሰው ይላክልኝም አሉ።

ይህ ቃል የመን ሲደርስ እንዴት ተሰማ? «የሐበሻ ንጉሥ» ሲባል ሙስሊም ልብ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ነጃሺ ነው፤ ሶሓቦችን ያስጠጉት፣ በኋላም የሰለሙት። ኢማሙ ምስጢሩ ኢስላምን መቀበል ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። በእኛ ግምት፣ ያን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው ሌላ ነገር ማሰቡ ይከብደው ነበር።

ቃዲው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ቤይሉል ወረዱ። በረሃውን በብዙ ስቃይ አልፈው ጎንደር ገቡ። ምስጢሩ ሲገለጥ የመንገድ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ! ምጽዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበረች፤ የመንም ቱርኮችን ካስወጣች ገና ዐሥር ዓመት ቢያልፋት ነው። ንጉሡ የፈለጉት ምጽዋን ትተው በቤይሉል በኩል የሚነግዱበትን በር ነበር። ለሁለቱም የሚበጅ፣ ብልህ ሐሳብ።

ማንም አልዋሸም። አንዱ ወደብ እያሰበ የጻፈውን ሌላው ሂዳያ ብሎ አነበበው። የሚገርመን፣ የንጉሡን ቃል ባሕር ያሻገረው ራሱ ሙስሊም መልእክተኛ ነበር። የሁለቱንም ወገን ልማድ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ግን የመልእክተኛ ሥራ ማድረስ ነው፤ «ሐበሻ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ ነው?» ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስልም።

የቃዲው ጥሪ ተቀባይነት አላገኘም፤ የቤይሉልም በር አልተከፈተም። ደግነቱ ንጉሡ በሃይማኖት ጥሪው ተቆጥተው እንግዳቸውን አልጎዱም፤ ቃዲው በሰላም ተሰናበቱ። ወደ አገራቸውም የተመለሱት ንጉሡ ሊሸሿት በፈለጓት በምጽዋ በኩል ነበር።