ቴሌቪዥኑ አልሞተም፣ መብራቱ ነው የጠፋው

«ፓናሉ ተቃጥሏል፣ አለቀለት። ከፈለጉ ለመለዋወጫ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ልውሰድልዎት።»

እናቴን እንዲህ ያላት መጀመሪያ ያየላት ባለሙያ ነው። ቃሊቲ እናቴ ቤት ያለው ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ድምፁ ይሰማል፣ ምስል ግን የለውም። ደውላ «ልሽጥለት እንዴ?» አለችኝ። ያስጨነቃት ዜናው እንዳይመስላችሁ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰው የቱርክ ድራማ ወሳኝ ቦታ ላይ ደርሶ ነበር። «ቆይ፣ ሌላ ሰው ይየው» አልኳት።

ከመናኸሪያው ጀርባ በኮንቴይነር ሱቅ የሚሠራ ልጅ አለ ተባልንና ተሸክመን ሄድን። እናቴም አብራ መጣች፣ ዕቃ እንዳይለወጥባት። ልጁ ሶኬት ሰካ፣ የሱቁን አምፖል አጠፋ፣ የስልኩን ባትሪ አብርቶ መስታወቱ ላይ አስጠጋው። «ማዘር፣ እዚህ ጋ ይዩ» አላት። በብርሃኑ ክብ ውስጥ የዜና አንባቢዋ ፊት እንደ ጥላ ይንቀሳቀስ ነበር። ምስሉ አለ። የሌለው ከኋላው የሚያበራው መብራት ነው። ምርመራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እኔን ግን ያ ጥቁር መስታወት ወደ ዘጠነኛ ክፍል መለሰኝ።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። አብዛኞቻችን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ያየነው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ የፕላዝማ ስክሪኖችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከለ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። ጎንደር ያለውም አቃቂ ያለውም ተማሪ በአንድ ደቂቃ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል። ስክሪኑ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና፣ ማንም ሳይመልስለት፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። መምህራችን ጥግ ቆሞ ያያል። በዚያ ዘመን ሳሎኑ ገና ባለ ሆዱን ቴሌቪዥን በዳንቴል ሸፍኖ ያስቀምጥ ነበር፣ እኛ ግን ከዓለም ውድ ስክሪኖች በአንዱ ፊት ሆነን እናንቀላፋለን።

አንድ ቀን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ከብረት ሳጥኑ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ስክሪኑም ጠፋ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተቆልፎ ቆየ። ማን ይንካው? ቁልፉ ያለው ሰው የሚጠግን አይደለም፣ የሚጠግነው ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ ቁልፍ አይሰጠውም። በነገራችን ላይ ያን ዓመት ባዮሎጂ የገባኝ ከዚያ ቀን በኋላ ነው፣ መምህራችን ጠመኔ አንስቶ ማስተማር ስለጀመረ።

አሁን ሳስበው ፕላዝማ ለዚህ አገር መብራትና ለዚህ አገር ጠጋኝ አስቸጋሪ ዕቃ ነበር። እያንዳንዱ ነጥብ በውስጡ ያለው ጋዝ እየተቀጣጠለ ራሱ ያበራል። ለዚያ ወደ 200 ቮልት የሚጠጋ ኃይል በፍጥነት የሚያመላልሱ ቦርዶች ያስፈልጉታል፣ ይግላል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። እነዚያ ቦርዶች ሲቃጠሉ ከሌላ ቴሌቪዥን አምጥቶ መተካት አይቻልም፣ የራሱን ዓይነት ይፈልጋል። ከዚያ ፓናሶኒክ በ2006 ዓ.ም.፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2007 ዓ.ም. ፕላዝማ ማምረት አቆሙ። ስክሪን በመግዛትና አገልግሎት በመግዛት መካከል ያለው ልዩነት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በጀት የተያዘው ለመትከሉ ነበር፣ የሚፈታው ሰው በሂሳቡ ውስጥ አልነበረም።

የሚፈታው ሰው ግን ድሮም ነበር። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፣ ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሆኖ። ያኔ የጥቂት ቤቶች ጌጥ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላው ግን ታሪክ ሠራበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቆራርጦ ታየ፣ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ ኢሠፓ ሲመሠረት፣ ቀለም መጣ። በደርግ ጊዜ ቴሌቪዥን የሌለው ቀበሌ አዳራሽ ሄዶ ያይ ነበር፣ የሰፈሩ ሬድዮ ሠሪም እግረ መንገዱን ቴሌቪዥን ሠሪ ሆነ።

የዚያ ዘመን ጠጋኝ ዕቃውን የሚያድነው እያንዳንዷን ትንሽ አካል ፈልጎ ነው። ምስሉ ወደ አንድ አግድም መስመር ከጠበበ ችግሩ የቁመት ክፍሉ ላይ ነው፣ ጭራሽ ካልበራ ፍላይ ባኩን ወይም እሱን የሚነዳውን ትራንዚስተር ይጠረጥራል። ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፣ ስለዚህ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሠራ ሰው ብታዩ ኩራት አይደለም፣ ኤሌክትሪኩ በደረቱ እንዳያልፍ ነው።

አቃቂ ደግሞ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ሬድዮ ጣቢያ የተመረቀው በጥር 1927 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 1928፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ሊሻገር ቀናት ሲቀሩት፣ ንጉሡ ለዓለም የተናገሩት ጣሊያኖች በሠሩት በዚሁ ጣቢያ ነበር። ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤልም ያለው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፣ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. በቻይናውያን እጅ ታድሶ ተነሣ። ግድብ እንኳ ይጠገናል ማለት ነው።

ወደ ኮንቴይነሩ ልመልሳችሁ። ልጁ እየፈታ ያስረዳኝ ጀመር፣ እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ጥያቄ አላበቃም።

የአሁኑ ቴሌቪዥን ፓናል ራሱ አያበራም። ፈሳሽ ክሪስታሉ እንደ መጋረጃ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከኋላው ከተደረደሩ የኤልኢዲ አምፖሎች ነው። አምፖሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፣ አንዷ ብትቃጠል መስመሩ ተቋርጦ ሁሉም ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ሲከፈት ብልጭ ብሎ ይጨልማል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ቀዩ መብራት ጭራሽ ካልበራ ገመዱን፣ ፊውዙን፣ ፓወር ቦርዱን ማየት ነው፣ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው። ሎጎው ላይ ተገትሮ የሚቀር ከሆነ ሶፍትዌሩ ሊሆን ይችላል፣ በፍላሽ ይጫናል። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ከቀረ ወይም ቀለሙ ከተገለበጠ ቲኮን የሚባለውን ትንሽ ቦርድ ነው የሚያዩት። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ግን እዚያው ላይ ያበቃል፣ የፓናሉ ዋጋ ከቴሌቪዥኑ ብዙም አያንስም።

እናንተ እቤት ለመክፈት ካሰባችሁ ግን ሶኬቱን ነቅያለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። 220 ቮልቱ ወደ ቀጥተኛ ሲቀየር ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ገደማ ይሆናል፣ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል።

«ማነው የሚገድላቸው?» አልኩት። «መብራት መሄዱ አይደለም፣ ሲመጣ ነው» አለኝ። ሲመለስ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ፓወር ቦርዱን ይመታዋል። ኤልኢዲውን የሚጨርሰው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ብርሃኑን መቶ ላይ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ያበራዋል። ስልሳ ላይ ቢያደርገው ዕድሜው ይረዝማል።

ጠረጴዛው ሥር የተሰነጠቁ ቴሌቪዥኖች ተከምረዋል። ከቁራሌው የሚገዛቸው ናቸው፣ ሌላው የሚያስፈልገውን ምናለሽ ተራ ሄዶ ይፈልጋል። መስታወቱ የተሰበረው ቦርድ ይሰጣል፣ ቦርዱ የተቃጠለው የኤልኢዲ ስትሪፕ ይሰጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ፣ ይህ ክምር ዋጋው ከፍ አለ። የመጀመሪያው ሰውዬ የእናቴን «የሞተ» ቴሌቪዥን ለምን ሊወስደው እንደፈለገ አሁን ይገባችኋል። ደህና ፓናል፣ ደህና ሜይን ቦርድ፣ ደህና ፓወር ቦርድ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር!

እዚህ ላይ ልጁን መልአክ ላድርገው አልፈልግም። ደረሰኝ የለውም፣ ዋስትናው ቃሉ ነው፣ ከሌላኛው ሰውዬ የሚለየውን በምን አውቃለሁ? በአንድ ነገር ብቻ፣ ችግሩን ለእናቴ አሳያት። እኔ ብሆን የትኛውንም ጠጋኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «አሳየኝ» ብዬ ነው።

በጣም የፈራሁት ፓናሉ ሲነሣ ነው። ከወረቀት ትንሽ የወፈረ መስታወት ነው፣ ጠርዙ ላይ እንደ ሪባን የሚተጣጠፉ ስስ ገመዶች አሉት፣ አንዱ ቢበጠስ ምስሉ ላይ የማይጠፋ መስመር ይቀራል። «በዚያ በኩል ያዝልኝ፣ እኩል እናንሣ» አለኝ። እናቴ ስመ ሥላሴ ጠራች። አነሣነው። በቴስተር እየነካ ሲያበራቸው ከአምፖሎቹ ሁለቱ አልበሩም። እነሱን ብቻ ከመለወጥ ስትሪፖቹን በሙሉ ለወጣቸው፣ የቀሩትም እኩዮቻቸው ናቸው፣ በወሩ ይከተላሉ አለ።

ከመክደኑ በፊት ሰካው። ነጭ ብርሃን ሱቁን ሞላው። ፓናሉን መልሰን ስናስቀምጠው ዜናው አልቆ ማስታወቂያ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ሰዓቷን አየችና «ቶሎ ክደነው ልጄ፣ ሊጀምር ነው» አለችው።