የጀላቲ አሠራር ትምህርት (ጣሊያን)

የጀላቲ አሠራር ትምህርት በጣሊያን ለአገር ጎብኚዎች የሚሰጥ፣ በጥቂት ሰዓታት የሚያልቅ የተግባር ሥልጠና ነው። ከታወቁት ቦታዎች አንዱ በቦሎኛ አቅራቢያ፣ አንዞላ ዴል ኤሚሊያ የሚገኘው ካርፒጃኒ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ የጀላቲ ማሽን አምራች በ2003 የባለሙያ ማሠልጠኛ፣ በ2012 ደግሞ ሙዚየም ከፍቷል።

ሥራው የሚጀምረው በሚዛን ነው። ወተት፣ ስኳርና ጥቂት ክሬም ተመዝነው ይቀላቀላሉ፤ ውህዱ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ቶሎ እንዲበርድ ይደረጋል። ስኳሩ ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም፤ ውህዱ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ሲያንስ ጀላቲው ድንጋይ ይሆናል፣ ሲበዛ ደግሞ አልረጋ ይላል። ጀማሪ ሊሳሳት የሚችለውም እዚህ ላይ ነው። የበረደው ውህድ ከዚያ ወደ ጀላቲ ማሽን ይገባል፤ ማሽኑም እያማሰለ ከውስጥ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ይፍቀዋል፤ በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘውም የበረዶው ቅንጣት ምላስ ላይ አይሻክርም። የሚገባበት አየር ከተለመደው አይስክሬም ያነሰ በመሆኑ ጥቅጥቅ ይላል። ሲወጣ በሰፊ ጠፍጣፋ ማንኪያ ተለጥጦ ይታያል፤ ልስላሴው የሚመዘነው ያኔ ነው።

ወተት የማይገባበት የሎሚ ሶርቤቶም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሠራል። መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት የሚሰጡ አሉ፤ ሱቅ ለመክፈት ግን አያበቃም።